አራተኛው ችንካር

በአላህ ስም እጀምራለሁ፤ ስሕተቴንም አስቀድሜ እናገራለሁ። ይህን ታሪክ የሰማሁት ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከኡስታዜ ከሸህ ጀውሃር አንደበት ነው። ያኔ አልጻፍኩትም። ስለዚህ ቢላዎቹ አሥራ ሁለት ነበሩ ወይስ አሥራ አራት፣ የሁለቱ ሰዎች ኩርፊያ ሰባት ዓመት ቆየ ወይስ ስምንት፣ ልምልበት አልችልም። አሥራ ሁለትና ሰባት ብዬ እጽፋለሁ፤ ሸህ ጀውሃር እንደዚያ ያሉ ይመስለኛል። ከሁሉ በላይ ያጠራጠረኝ የችንካሮቹ ቁጥር ነው። እሱን በመጨረሻ እመለስበታለሁ። ሰዎቹ የተነጋገሩትን ግን ብዙ አልስትም፤ ሸህ ጀውሃር እየሳቁ ስለተናገሩት በጆሮዬ ቀርቷል።

የከተማውን ስም አልጠቅስም፤ የሰዎቹ ልጆች በሕይወት አሉ። የድንጋይ ግንብ የከበበው ያረጀ ከተማ ነበር። በላይኛው በር ገብቶ በታችኛው በር የሚወጣ አንድ ሰፊ መንገድ ነበረው። በዚህ መንገድ መሐል፣ ከትልቁ መስጂድ ፊት ለፊት፣ ሐጂ መንሱር የሚባሉ ቢላ ሠሪ ሱቅ ነበራቸው። ሐጂ መንሱር ዓመቱን ሙሉ ቢላ ይሠራሉ፤ በዙልሒጃ ወር መግቢያ ላይ ግን ለዒድ እርድ ብቻ የሚሆኑ አሥራ ሁለት ቢላዎች ይሠሩ ነበር። የከተማው ሰው ለእነዚህ ቢላዎች ከረመዳን ጀምሮ ተራ ይይዛል።

የሥራቸውን ልማድ ጥቂት ዘርዘር ላድርገው፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚያ ላይ ነው።

ቢላ ከስለቱ ሌላ ወደ እጀታው የሚገባ የብረት ጭራ አለው። ጭራው በሁለት የቀንድ ቁራጮች መሐል ይደረግና ሦስቱ ተደራርበው፣ በሦስት ቦታ ተበስተው፣ በሦስት የናስ ችንካር ይያያዛሉ። ሲናገሩት ቀላል ነው። ችግሩ አንዱ ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ ለሁለተኛው ከሞርሳው፣ ከብረት መቆንጠጫው፣ ፈትቶ እንደገና ማሰር ግድ መሆኑ ነው። በዚያች ቅጽበት ቀንዱ የፀጉር ያህል ቢንሸራተት፣ ሁለተኛው ቀዳዳ ከመጀመሪያው ጋር አይስማማም። ስለዚህ ሐጂ መንሱር ቢስሚላህ ብለው የመጀመሪያውን ቀዳዳ ይበሱና መሰርሰሪያውን ያስቀምጣሉ። ወዲያው በቀዳዳው ውስጥ ከወይራ እንጨት የተቀረጸች ቀጭን ማቆያ ትሰካለች። እንጨቷ ሳትሰካ ሞርሳው አይፈታም። ሁለተኛው ሲበሳ ሁለተኛ እንጨት ይሰካል፤ ከዚያ ሦስተኛው ይበሳል። ለአንድ ቢላ ሁለት እንጨት፣ ለአሥራ ሁለት ቢላ ሃያ አራት እንጨት። ሥራው ሲጀመር ሃያ አራቱ ተቆጥረው በአንዲት የሸክላ ሳህን ይቀመጣሉ። እንጨቶቹ ከሥራ ሲወጡ የመሰርሰሪያው ዘይት ነክቷቸው ጠቁረው ነው።

ቀዳዳዎቹ ልክ ከሆኑ ችንካሩ በአውራ ጣት ግፊት ይገባል። መዶሻ የሚነሳው ከገባ በኋላ ጫፉን ለማደላደል ብቻ ነው። ችንካር በግድ ተመትቶ ከገባ ቀንዱ ከውስጥ መሰንጠቅ ይጀምራል። ይህ ከውጭ አይታይም። አራጁ ሲጫነው ግን እጀታው በእጁ ውስጥ ይዞራል፤ እንስሳው ይሠቃያል፣ ወይም እጅ ይቆረጣል። በስንጥቁ የገባውም ደም ታጥቦ የማይወጣ ነጃሳ ሆኖ ይቀመጣል። ሐጂ መንሱር፦ «ስለቱ የእንስሳው ሐቅ ነው፤ እጀታው የአራጁ ሐቅ ነው» ይሉ ነበር።

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሥራ ብቻቸውን አልሠሩትም። ሐጂ ተማም የሚባሉ ባልንጀራ ነበሯቸው። ሐጂ መንሱር ይበሳሉ፤ ሐጂ ተማም እንጨቷን ይሰካሉ፣ ችንካሩን ያስገባሉ። ሐጂ መንሱር ዝምተኛ፣ ሐጂ ተማም ተረበኛ ነበሩ። ታዲያ በአንድ የገበያ ቀን፣ ሰው ሱቁን ሞልቶ ሳለ፣ አንድ ችንካር አልገባ አለ። ሐጂ ተማም ቸኩለው ነበርና በመዶሻ አንድ ጊዜ መትተው አስገቡት። ሐጂ መንሱር ቢላውን ተቀብለው ለሰው ሁሉ ከፍ አድርገው አሳዩና፦

«ተመትቶ የገባ ችንካር የሌባ ሥራ ነው» አሉ።

ሐጂ ተማም መዶሻቸውን ጠቅልለው ወጡ፤ በታችኛው በር ማጭድና መቆፈሪያ የሚሠሩበት አነስተኛ ቤት ከፈቱ። ሰባት ዓመት አለፈ። በመካከላቸው ሰላምታ አልተቋረጠም፤ ሁለቱም አላህን ይፈሩ ነበር። የተቋረጠው ከሰላምታው በኋላ ያለው ወሬ ነው። በጁሙዓ አንዱ ከሶላቱ ሰልፍ በቀኝ ጫፍ፣ ሌላው በግራ ጫፍ ይቆሙ ነበር።

አሁን ወደዚያ ዓመት እመጣለሁ። የዒዱ ዋዜማ ነው፤ ሰው ሁሉ የዐረፋን ጾም ይዟል። አሥራ ሁለቱ ቢላዎች ተሽጠው ካለቁ አምስት ቀን ሆኗል። ሐጂ መንሱር ለበዓሉ ሱቃቸውን ሲጠርጉ የሸክላዋን ሳህን አነሱ። ከሥሯ አንዲት የወይራ እንጨት ወጣች። አነሷትና ወደ ብርሃኑ አወጧት። ነጭ ናት። ዘይት አልነካትም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘምዘም ለሱቁ ማጠቢያ ውሃ ይዘው ሲገቡ፣ ሐጂ መንሱር መጥረጊያውን ጥለው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ ምን ነካዎት? ጾሙ ነው?»

«ዘምዘም፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ሳልሰካ በስቼዋለሁ።»

«በዚች ስንጥር ነው ፊትዎ እንዲህ የጠቆረ? እኔኮ ሰው የሞተ መስሎኝ ነው!»

«ችንካሩ እንቢ ብሎኝ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። መትቼ ነው ያስገባሁት። ያ ቀን... ልጃችን የተገላገለች ቀን ነው።»

ወይዘሮ ዘምዘም ሳቃቸው አመለጣቸው። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ሐጂ መንሱር የአንዱን ቢላ የመጀመሪያ ቀዳዳ በስተው እንጨቷን ሳይሰኩ፣ «መንታ! ሁለት ወንድ!» የሚል የምሥራች ከመንገድ ተሰማ። ጥምጣማቸውን ሳያስተካክሉ ሮጡ። ሁለቱንም ሕፃናት አቅፈው፣ በጆሯቸው አዛን ብለው፣ ከዙህር በኋላ ሲመለሱ ልባቸው ገና እዚያው ነበር። ሞርሳውን ፈቱ፣ አሰሩ፣ በሱ። እንጨቷ ግን ሳህኑ ሥር ተንከባልላ ቀርታለች። በማን ቢላ ላይ እንደሆነ አያውቁም። የሚያውቁት ነገ ከሶላት በኋላ አሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለት ቢላ እንደሚያነሳ ብቻ ነው።

ጥምጣማቸውን አሰሩና ወጡ።

የተሰነጠቀ ቀንድ በጆሮ ይለያል። እጀታውን ከጆሮ አስጠግቶ ችንካሩን በጥፍር መታ ሲያደርጉት፣ ደህናው ሙሉ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው እንደ ነቃ ገምቦ ነው። ስለዚህ ሐጂ መንሱር በዋዜማው ከቤት ቤት እየዞሩ ቢላ ያዳምጡ ጀመር።

ሥጋ ሻጩ ወዚር ከሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቢላውን ሲያዳምጡ አያቸው። «ሐጂ፣ እኔ ጾም ይዞኝ ምራቄ ደርቋል፤ እርስዎ ከቢላ ጋር ያወራሉ! ምን አለዎት?»

«ደህና ነኝ ብሏል፤ አልሐምዱሊላህ» ብለው መለሱለትና ሄዱ።

እትዬ ሰዓዳ የሚባሉ ባልቴት ደግሞ በራቸውን ገርበብ አድርገው ቢላውን ከኋላቸው ደበቁ። «የሸጡትን ሊወስዱ ነው? ነገ በጉን በጥፍሬ ልበልተው?»

«አልወስደውም፣ እህቴ። ሰምቼው እመልሳለሁ።»

«ለመስማት ከሆነማ ይግቡ። በሩን ግን እዘጋዋለሁ፤ ይዘውብኝ እንዳይሮጡ።»

ሐጂ መንሱር በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በተዘጋ በር ውስጥ ቢላቸውን አዳመጡ። ደህና ነበር። እትዬ ሰዓዳ በሩን ከፍተው መንገድ ላይ ላለው ሁሉ፦ «የኔው ጤነኛ ነው!» ብለው አበሰሩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሐጂ መንሱርን መጠበቅ ጀመረ፤ በየደጁ ቢላውን ይዞ ቆሞ፣ «ወደ እኛም ይምጡ፣ የኛንም ይዩልን» ይላል። ቢላቸውን ያልገዛ ሰው ሳይቀር የወጥ ቤት ቢላውን ይዞ ወጣ።

ዐስር ሲደርስ አሥራ አንዱ ተሰምተዋል። አሥራ አንዱም ደህና ናቸው። የቀረው አንድ ነው፤ እሱን የገዛው እንድሪስ የሚባል የጨው ነጋዴ ነው። ሐጂ መንሱር ሲጠይቁት እንድሪስ ወደ ጨው ከረጢቶቹ እያየ ተንተባተበ።

«ለራሴ አይደለም የገዛሁት... ለሰው ነው። እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«እንድሪስ፣ ነገ በዚያ ቢላ ሰው ሊቆረጥ ይችላል። የመሐላህን ማካካሻ ከፋራ እኔ እከፍልልሃለሁ። ለማን ነው?»

«ለሐጂ ተማም።»

ሐጂ መንሱር ከጨው ከረጢት ላይ ተቀመጡ። እንድሪስ ዝግ ባለ ድምፅ ቀጠለ፦ «በየዓመቱ እኔ ነኝ የምገዛላቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ። ሌላ ቢላ አይሆነኝም ይላሉ። ግን ሐጂ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሌላ ቢላ ይስጡኝ፤ እኔ ሄጄ እቀይርላቸዋለሁ። ለምን ቢሉኝ ምክንያት አላጣም። ማንም አያውቅም፤ እርስዎም አያፍሩ።»

ሸህ ጀውሃር እዚህ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ዐይናችንን እያዩን፦ «ፈተናው ይሄ ነው» አሉ። ልብ በሉ፤ ቢላ መቀየሩ ሐራም አልነበረም። ሐጂ ተማም ደህና ቢላ ያገኛሉ፣ ማንም አይቆረጥም፣ በጉም አይሠቃይም። የሐጂ መንሱር ቤትም ሌላ ቢላ አላጣም። የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሰባት ዓመት በፊት በሰው ፊት የተናገሩት ቃል።

ሐጂ መንሱር ተነሡ። «ቢላው ይቀየራል፣ እንድሪስ። ያ የተናገርኩት ቃል ግን አሁንም ተማም ላይ ተሰክቶ አለ። ማን ይነቅልልኛል?» ብለው ወደ ታችኛው በር ወረዱ።

ሐጂ ተማም ከግቢያቸው በምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ያንን ቢላ በድንጋይ እየሳሉ ነበር። ኮቴ ሰምተው ቀና ቢሉ ሐጂ መንሱርን አዩ። ቢላውን በፍጥነት ከምንጣፉ ሥር አስገብተው ተቀመጡበት።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ።»

እንደ ሌላው ቀን ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ዛሬ ግን ሐጂ መንሱር፦

«ተማም፣ ቢላ ፍለጋ ነው የመጣሁት» አሉ።

«የምን ቢላ?»

«የተቀመጥክበትን።»

የሐጂ ተማም ፊት ቀላ። «ገዝቼው ነው! ያ እንድሪስ፣ ምላሱ እንደ ጨዉ ይሟሟ! ይኸውና፣ የአንተን ቢላ እገዛለሁ። በል፣ አሁን ሂድና ገበያ ላይ ንገር!»

ሐጂ መንሱር ከኪሳቸው ነጯን እንጨት አውጥተው በሐጂ ተማም መዳፍ ላይ አስቀመጧት። ሐጂ ተማም አዩዋት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጃቸው የሰኳት ናት፤ በጨለማም ያውቋታል። ገለባበጧት። ነጭ መሆኗን ሲያዩ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ።

«ሳትሰካ በሳህ?»

«ሳልሰካ። መንታዎቹ የተወለዱ ቀን ነው።»

«ከዚያስ? ችንካሩ ምን አለ?»

«እንቢ አለ።»

«ከዚያስ?»

ሐጂ መንሱር አንገታቸውን ደፉ። «መታሁት።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

የሐጂ ተማም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ሁለቴ? ያ ረቢ! እኔ እኮ አንዴ ነበር የመታሁት!» ብለው ምንጣፉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉ። «ለእያንዳንዱ መንታ አንድ አንድ ነው? ሦስት ቢወለዱ ምን ልትሆን ነበር?»

ባለቤታቸው እያለቀሱ መስሏቸው እየሮጡ ወጡ። ሐጂ ተማም እንባቸውን እየጠረጉ፦ «ምንም አይደለም፤ ሐጂ መንሱር ሌባ ሆኖ መጥቶ ነው!» አሏቸው።

«አዎ» አሉ ሐጂ መንሱር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «በሰው ፊት ሌባ ብዬሃለሁ። እኔም ያንኑ ሠራሁ፤ በእኔ ላይ ግን ማንም ሌባ አላለኝም። ነገ ከሶላት በኋላ፣ ያንን ቃል በተናገርኩበት ቦታ ቆሜ ይህን እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን አውፍ በለኝ።»

ሐጂ ተማም ቀና ብለው ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔስ ቸኩዬ እንደነበር አላወቅሁም? ያን ቀን ሌባ ሳይሆን ቸኩለሃል ብትለኝ፣ አሁንም አጠገብህ ነበርኩ።» ከዚያ ነጯን እንጨት ወደ ላይ አንስተው፦ «ለነገሩ አንተም አትወቀስም። የሚሰካው ሰው የለማ!»

አሁን ሐጂ መንሱርም ሳቁ።

መግሪብ አልደረሰም። በሐጂ ተማም ሞርሳ ላይ ቢላውን አሰሩ። የተመታውንም ሌሎቹንም ችንካሮች ነቅለው ቀንዱን ቢያነሡት፣ በውስጥ በኩል ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ስንጥቅ ጀምሯል። ከውጭ አንዳች አይታይም ነበር። ሐጂ መንሱር ቢስሚላህ ብለው ከስሕተቱ ቀዳዳ የጣት ስፋት ራቅ አድርገው አዲስ ቀዳዳ በሱ። ከመብሳታቸው በፊት ሐጂ ተማም ከመጀመሪያው ቀዳዳ ውስጥ ነጯን እንጨት ሰክተው፣ «አሁን ፍታው፣ አሁን እሰረው፣ አሁን ብሳ» ይሉ ነበር። አዲሱ የናስ ችንካር፣ የፊቶቹም ሁለቱ፣ በሐጂ ተማም አውራ ጣት ግፊት ብቻ ገቡ።

የቀረው የስሕተቱ ቀዳዳ ነው። ሐጂ ተማም፦ «በሰምና በቀንድ ዱቄት ደፍነን ብንወለውለው ቦታው አይገኝም» አሉ።

«አይሆንም። ስንጥቁ እስኪጠፋ አስፍተን ወፍራም ችንካር እንስጠው። ናስ ሳይሆን መዳብ ይሁን።»

«መዳብ ከሆነ ቀልቶ ይታያል እኮ።»

«ይታይ።»

የመግሪብ አዛን ሲሰማ የመዳቡን ጫፍ እያደላደሉ ነበር። የቀንድ ብናኝ በጣታቸው ላይ እንዳለ በአንድ ሳህን ተምር አፈጠሩ። ሐጂ ተማም ቢላውን ከጆሯቸው አስጠግተው በጥፍራቸው መታ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ለሐጂ መንሱር አቀበሉ። ሐጂ መንሱርም አዳመጡ። ሙሉ ድምፅ መስማታቸውን ፊታቸው ተናገረ ብለዋል ሸህ ጀውሃር።

በማግስቱ፣ በዒዱ ቀን፣ ሐጂ መንሱር ቃላቸውን ጠበቁ። ሰዉ ተክቢራ እያለ ከሶላት ሲመለስ ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመው የሠሩትንም ያሉትንም ተናገሩ። እትዬ ሰዓዳ ከሴቶቹ መሐል፦ «በሩን መዝጋቴ ልክ ነበር!» ብለው ጮኹ፤ ኢማሙ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች ወደ ታችኛው በር ወረዱ። በጉን ሐጂ ተማም ያዙ፤ ሐጂ መንሱር በዚያው ቢላ አረዱ። እጀታው አልተነቃነቀም። ዒዱ ሲያልፍ ሐጂ ተማም መዶሻቸውን ጠቅልለው ወደ ሐጂ መንሱር ሱቅ ወጡ፤ በድሮው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ በከተማው ማጭድ የሚሠራ ጠፋ ተብሎ ገበሬዎች አማርረዋል።

ከዓመታት በኋላ ሐጂ መንሱርን አንድ ሰው፦ «ከእጅ ሥራዎ ሁሉ የሚመክሩን ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሲመልሱ እንዲህ አሉ፦

«እንቢ ያለህን ችንካር አትምታው። ምን ሆንክ ብለህ ጠይቀው።»

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። መጀመሪያ ስለ ሥራ ብቻ መስሎኝ ነበር። አንድ ነገር አልገባ ሲል ጥፋቱ የችንካሩ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ባለ አንድ እርምጃ ላይ የተረሳ ነገር አለ፤ ችንካሩም የሚነግረን እሱን ነው። ብንመታው ይገባል፤ መልእክቱ ግን አብሮ ይቀበራል። በኋላ ደግሞ ሐጂ መንሱር የመቱት ችንካር ያ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። ሐጂ ተማምንም በቃል መትተዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ ከውጭ ሲታይ ደህና ነበሩ፤ ሰላምታውም ሙሉ ነበር። ስንጥቁ ግን ከውስጥ ነበር። እኛም ወንድማችን እንቢ ሲለን፣ ከቃል በፊት አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ስንት ሰው አጠገባችን ይቀር ነበር? አላህ ከጠያቂዎቹ ያድርገን።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልመለስ። ሸህ ጀውሃር ያን ቀን «ሦስት ናስ፣ አንድ መዳብ» ያሉ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የሐጂ መንሱር ቢላ ሁሉ ሦስት ችንካር ብቻ ስላለው፣ አራተኛው ታሪኩን ለማሳመር የተጨመረ፣ ወይም እኔ ያለምኩት እንዳይሆን ፈራሁ። ባለፈው ዓመት ወደዚያ ከተማ ሄጄ የሐጂ ተማም የልጅ ልጅ ቤት ገባሁ። ቢላውን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አምጥተው ሰጡኝ። አሁንም በየዒዱ ያርዱበታል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ማስመሪያም አውጥቼ ለካሁ። ሦስቱ የናስ ችንካሮች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ናቸው። አራተኛው ወፈር ያለ መዳብ ነው፤ ከመስመሩ የወጣው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው።